ኦኒክስ-015፦ ካንሰርን መርጦ የሚባዛው ቫይረስ በምን መረጠ?

ጉዳዩ ባጭሩ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የባዮቴክ ኩባንያ ኦኒክስ-015 የሚባል ቫይረስ ይዞ ብቅ አለ። ቫይረሱ አዴኖቫይረስ ነው። በየቤቱ ጉንፋን የሚያስይዝ ተራ ቫይረስ ማለት ነው። ከጂኖቹ አንዱ ተቆርጦ ወጥቷል። ስለ እሱ የተባለው እንዲህ ነበር፦ ጤነኛ ሴል ውስጥ ሲገባ መባዛት ያቅተዋል፤ ካንሰር ሴል ውስጥ ሲገባ ግን እንደልቡ ይባዛል፣ ሴሉንም አፈንድቶ ይወጣል። ለምን እንዲህ እንደሚሆንም ማብራሪያ ተሰጠ። ማብራሪያው አጭርና የሚያምር ነበር። አንድ ስላይድ ላይ ያልቃል።

ከስምንት ዓመት በኋላ ማብራሪያው ልክ እንዳልነበረ ታወቀ። የሚገርመው፣ ቫይረሱ በእርግጥም ካንሰር ሴልን ይመርጥ ነበር። መምረጡ እውነት፣ የተሰጠው ምክንያት ሌላ።

ቫይረስ ዲኤንኤውን በካንሰር ሴልና በጤነኛ ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚያባዛ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ስለዚህ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ። ተመራማሪዎቹንም ታካሚዎቹንም በስም አልጠራም። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እሳቱ የተዳፈነ ወጥ ቤት

አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው አብዛኛው ሴል አይከፋፈልም። የዕለት ሥራውን ይሠራል እንጂ ዲኤንኤውን አይቀዳም። እሳቱ ተዳፍኖ ያደረ ወጥ ቤት በሉት። ምድጃው አለ፣ ድስቱ አለ፤ ሽንኩርት የከተፈ ግን የለም። ዲኤንኤ የሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች፣ ማለትም ኑክሊዮታይዶች፣ በዚህ ጊዜ ክምችታቸው ትንሽ ነው። ሴሉ በብዛት የሚያመርታቸው ሊከፋፈል ሲነሳ ነው። ያ ዲኤንኤ የሚቀዳበት ወቅት ኤስ ፌዝ ይባላል።

አዴኖቫይረስ የራሱን ወጥ ሠሪ ይዞ ይመጣል። ዲኤንኤ የሚቀዳበት ኢንዛይም፣ ፖሊመሬዙ፣ የራሱ ነው። ሽንኩርቱንና በርበሬውን ግን ከሴሉ ጓዳ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማድረጉ በፊት እሳቱን መቆስቆስ አለበት።

የሚቆሰቁሰው ኢ1ኤ በተባለ ፕሮቲን ነው። ሴሉ ውስጥ አርቢ የሚባል ጠባቂ ፕሮቲን አለ። ሥራው ኢ2ኤፍ የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይዞ ማቆየት ነው። ኢ2ኤፍ ከተለቀቀ ለዲኤንኤ ቅጂ የሚያስፈልጉት ጂኖች በሙሉ ይነሳሉ። ኢ1ኤ አርቢን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፣ ኢ2ኤፍ ያመልጣል፣ ሴሉም ሳያስበው ኤስ ፌዝ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። ኢ2ኤፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቫይረስ ነው። መጀመሪያ የታወቀው የአዴኖቫይረስን ኢ2 ጂን የሚያነሳ የሴል ፕሮቲን ሆኖ ነው። ኢ2 ደግሞ የቫይረሱ ፖሊመሬዝ የሚሠራበት ክፍል ነው። ስለዚህ ኢ2ኤፍ ሲለቀቅ የሴሉም ጓዳ ይከፈታል፣ የቫይረሱም ወጥ ሠሪ ይነሳል። ዛሬ በየካንሰር መጽሐፉ የሚጠቀሰው ፕሮቲን የተገኘው ጉንፋን ሲጠና ነው።

አሁን ወደ ካንሰር ሴል እንሂድ። በአብዛኛው ካንሰር ውስጥ የአርቢ መንገድ በሆነ ቦታ ተበላሽቷል። ኢ2ኤፍ ቀድሞውኑ ልቅ ነው። እሳቱ ይነዳል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ቤቱ ሌት ተቀን ድግስ ላይ ነው። ቫይረሱ የሚቆሰቁሰው ነገር የለውም። ጤነኛ ሴል ውስጥ ታግሎ የሚያገኘውን እዚህ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። የቫይረስ ካንሰር ሕክምና ሐሳብ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ካንሰር ሴል በነፃ የሚሰጠውን ከቫይረሱ ላይ ብናነሳበት፣ ቫይረሱ ካንሰር ሴል ውስጥ አይጎዳም፣ ጤነኛው ውስጥ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ቅጂው በቅርብ ሲታይ

ብዙ ጊዜ "ቫይረሱ ይባዛል" ብለን እናልፈዋለን። ይህን ጉዳይ ለመረዳት ግን ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

የአዴኖቫይረስ ዲኤንኤ 36 ሺህ ገደማ ጥንድ ፊደል ያለው ቀጥ ያለ ክር ነው። ክብ አይደለም፤ ሁለት ጫፍ አለው። ጫፍ ያለው ዲኤንኤ ሲቀዳ ሁሌም ችግር አለ። ፖሊመሬዝ ከባዶ መጀመር አይችልም፤ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። የእኛ ሴሎች አጭር የአርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል) ቁራጭ አስቀምጠው ይጀምራሉ። ያ ቁራጭ ኋላ ሲነሳ ጫፉ ላይ ክፍተት ይቀራል፤ የክሮሞዞሞቻችን ጫፍ በየቅጂው የሚያጥረው በዚህ ነው።

አዴኖቫይረስ ይህን ጣጣ በፕሮቲን ፈታው። በአርኤንኤ ቁራጭ ፋንታ አንድ ፕሮቲን ጫፉ ላይ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ፊደል፣ ሲ፣ በቀጥታ ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል። የበለጠው ብልሃት ቀጥሎ ነው። ቅጂው የሚጀምረው ከአንደኛው ፊደል አይደለም፣ ከአራተኛው ነው። ሦስት ፊደል፣ ሲ ኤ ቲ፣ ይሠራና ወደ ኋላ ዘሎ አንደኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ጫፉ ላይ እነዚያው ሦስት ፊደላት ሁለት ጊዜ ስለተደገሙ ዝላዩ ልክክ ይላል። በዚህ መንገድ ጫፉ አንድም ፊደል ሳይጎድል ይቀዳል። ከዚያ ፖሊመሬዙ አሮጌውን ክር እየገፋ እስከ ሌላኛው ጫፍ ድረስ ይነዳል። የተገፋው ክር ደግሞ በተራው ይቀዳል።

ይህ ሁሉ በካንሰር ሴልም በጤነኛ ሴልም አንድ ነው። ማሽኑ አይለወጥም። የሚለወጠው አቅርቦቱና በዙሪያው ያለው ጥበቃ ነው።

ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ መግባት። ከዚያ ሴሉን መቆስቆስ። ከዚያ ዲኤንኤውን መቅዳት። ዲኤንኤው ከተቀዳ በኋላ "ዘግይተው የሚነሱ" የሚባሉት ጂኖች ይበራሉ፤ እነዚህ የቫይረሱን ቅርፊት የሚሠሩ ናቸው። የእነሱ መልእክተኛ አርኤንኤ፣ ማለትም የጂኑን መመሪያ የሚያደርሰው ቅጂ፣ ከኒውክለስ (ዲኤንኤው ከሚቀመጥበት የሴሉ ማዕከል) ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከወጣ ፕሮቲን ይሠራል፣ ቅርፊቱ ይገጣጠማል፣ በመጨረሻ ሴሉ ይፈነዳል።

የሚያምረው ሐሳብ

ሴል ያለ ጊዜው ኤስ ፌዝ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ አያይም። ፒ53 የሚባል ፕሮቲን ይከማቻል። ፒ53 ሥራ ያስቆማል፣ ካልሆነም ሴሉን ያስገድላል። ለቫይረስ ይህ ክስረት ነው፤ ቅጂው ሳያልቅ ቤቱ ከፈረሰበት ምን ይጠቀማል?

ስለዚህ አዴኖቫይረስ ኢ1ቢ-55ኬ የሚባል ፕሮቲን ይዟል። ከሌላ የቫይረሱ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ፒ53ን ለሴሉ የቆሻሻ ማስወገጃ ያስረክበዋል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪም ይህንኑ ዘዴ ነው የሚጠቀመው። ኢ7 የተባለው ፕሮቲኑ አርቢን፣ ኢ6 ደግሞ ፒ53ን ያጠፋሉ። እኛ አገር ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የሚከላከለው ይህንን ቫይረስ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ኤችፒቪ በጤናማው ቆዳ ውስጥ ራሱን አባዝቶ ይወጣል። ካንሰር በሆነው ሴል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ዲኤንኤው ከሰው ክሮሞዞም ጋር ተቀጥሎ ይቀራል። ከሴሉ ጋር ይቀዳል እንጂ አዲስ ቫይረስ ሆኖ አይወጣም። ካንሰር ለእሱ መውጫ የሌለው ቤት ነው። "ቫይረስ ሁሉ ካንሰር ሴል ይመቸዋል" ማለት አይቻልም ለማለት ያህል ነው።

ወደ ጉዳያችን። በ1980ዎቹ ለመሠረታዊ ምርምር ተብሎ የተሠራ አንድ የአዴኖቫይረስ ዝርያ ነበር። ከኢ1ቢ-55ኬ ጂኑ 827 ፊደላት ተቆርጠው ወጥተዋል። ዲኤል1520 ይባል ነበር። የኩባንያው ሰዎች እንዲህ አሰቡ፦ ይህ ቫይረስ ፒ53ን ማጥፋት አይችልም። ስለዚህ ጤነኛ ሴል ውስጥ ፒ53 ያስቆመዋል። ከሰው ካንሰር ግማሽ ያህሉ ግን ፒ53 ጂኑ የተበላሸ ነው። እዚያ የሚያስቆመው የለም።

በ1996 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። የሚሠራ ፒ53 የሌላቸው የሰው የማህፀን በር ካንሰር ሴሎች አይጦች ላይ እንዲያድጉ ተደረገ፣ ቫይረሱም ዕጢው ውስጥ ተወጋ። 60 በመቶው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ደህና ፒ53 ያለው የካንሰር ሴል መስመር (ከአንድ ዕጢ ተወስዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚራባ የሴል ዘር) ሲቋቋም፣ ያው መስመር ፒ53ው እንዲሰናከል ሲደረግ ተሸነፈ። ምን ይቀረዋል? ዲኤል1520 ኦኒክስ-015 የሚል አዲስ ስም ተሰጠው።

ወደ ታካሚ

ሰው ላይ የመሞከር ሐሳብ ራሱ አዲስ አልነበረም። በ1956 አሜሪካ ውስጥ 30 የማህፀን በር ካንሰር ታካሚዎች ያልተነካ አዴኖቫይረስ ተወግተው ነበር። የአንዳንዶቹ ዕጢ መሀሉ ቢሞትም ካንሰሩ ቀጠለ። ያኔ ግን ጂን ቆርጦ ማውጣት የሚችል አልነበረም።

ኦኒክስ-015 የተመረጠለት የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዕጢው ብዙ ጊዜ በእጅ ይዳሰሳል፣ መርፌ ይደርስበታል።

ቫይረሱ ለብቻው ሲሰጥ ውጤቱ ቀዝቃዛ ነበር። ዕጢያቸው በግልጽ የቀነሰው ከሰባት ታካሚ የአንዱ ያህል ብቻ ነው። ከኬሞ ጋር ሲሰጥ ነገሩ ተለወጠ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ለአምስት ተከታታይ ቀን፣ በየቀኑ 10 ቢሊዮን የቫይረስ ቅንጣት ዕጢው ውስጥ ይወጋል፤ በዚያው ሰሞን ሲስፕላቲንና 5-ኤፍዩ በደም ሥር ይሰጣል። በ2000 የታተመው ውጤት፣ ሊገመገሙ ከቻሉት 30 ታካሚዎች የ19ኙ ዕጢ በግልጽ ቀንሷል፤ የ8ቱ ጭራሽ ጠፍቷል።

በዚህ ሙከራ ውስጥ በጣም የወደድኩት ትንሽ ክፍል አለ። 11 ታካሚዎች ከአንድ በላይ ዕጢ ነበራቸው። ሐኪሞቹ አንዱን ብቻ ወጉ፤ ሌላኛው ኬሞ ብቻ አገኘ። አንድ ሰው ለራሱ ማነጻጸሪያ ሆነ ማለት ነው። ከተወጉት 11 ዕጢዎች 9ኙ ቀነሱ። ካልተወጉት 3 ብቻ። ያው ሰው፣ ያው ኬሞ፣ ያው ሳምንት። ቫይረሱ አንድ ነገር እየሠራ እንደነበር ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም።

ምን እየሠራ ነበር? የሚለው ነው ጥያቄው።

መንገዱ መጎርበጥ ጀመረ

ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ቫይረሱን በብዙ ዓይነት ሴል ላይ ሞከሩት። አሠራሩ ለዓይን ደስ ይላል። ሳህን ላይ የተዘረጉ ሴሎች ቫይረስ ሲጨመርባቸው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ክብ ክብ ይሆናሉ፣ ያብጣሉ፣ እንደ ወይን ዘለላ ይሰባሰቡና ከሳህኑ ይለቃሉ። ያልተሸነፉት እንደተነጠፉ ይቀራሉ። በማይክሮስኮፕ ለማየት ልዩ ችሎታ አይጠይቅም።

ችግሩ፣ ዘለላው ሐሳቡን አልተከተለም። ፒ53ቸው ደህና የሆኑ አንዳንድ ካንሰር ሴሎች ፈነዱ። ፒ53 የሌላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ ንቅንቅ አላሉም። በ1998 አካባቢ "የቫይረሱ መባዛት ከፒ53 ጋር አይገናኝም" የሚሉ ጽሑፎች በተከታታይ ወጡ።

በ2000 ከኩባንያው ወገን ሐሳቡን የሚታደግ ማብራሪያ መጣ። ፒ53 ደህና ቢሆንም እንኳ ፒ53ን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን፣ ኤአርኤፍ፣ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ጂኑ ደህና ነው፣ መንገዱ ግን ተበላሽቷል። ማብራሪያው ውሸት አይደለም፤ ብዙ ካንሰር ውስጥ ኤአርኤፍ በእርግጥ የለም። ነገር ግን አደጋ አለው። "መንገዱ ተበላሽቷል" የሚለውን ሰፋ ካደረግነው የማይገባበት ካንሰር አይኖርም። ፒ53 የሌለው ሴል ለምን እምቢ እንዳለም አይመልስም።

ሌላም ነገር ነበር። ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ አንዱን የካንሰር መስመር ከሌላው የካንሰር መስመር ጋር ነው የሚያነጻጽሩት። ደህና ፒ53 ያለው ካንሰር ሴል "ጤነኛ" የሚለውን ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ግን እሱም ካንሰር ነው።

መቆሚያው የት ነው?

በ2004 አንድ የካሊፎርኒያ ቡድን ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዘው። ከመሪዎቹ መካከል ከመጀመሪያው ሐሳብ ባለቤቶች አንዱ ነበረበት። በግሌ ይህን አከብራለሁ፤ የራስን ሐሳብ መልሶ መፈተን ቀላል አይደለም።

ሁለት ነገር ቀየሩ። አንደኛ፣ ከሰው የሳንባ ቱቦ የተወሰዱ፣ ካንሰር ያልሆኑ እውነተኛ ጤነኛ ሴሎችን ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ "ሞተ ወይስ አልሞተም" ብለው መጨረሻውን ብቻ ከማየት ይልቅ በየደረጃው ቆመው ተመለከቱ።

መጀመሪያ ፒ53ን አዩ። እንደተጠበቀው ጤነኛው ሴል ውስጥ ፒ53 ተከምሯል፤ የሚያጠፋው ኢ1ቢ-55ኬ የለምና። እዚህ ድረስ የድሮው ሐሳብ ልክ ነው። ቀጥለው ግን ፒ53 የሚያዛቸውን ጂኖች ተመለከቱ። አልተነሱም! ፒ53 ሞልቶ ተርፎ ሥራ የለውም። ቤቱ በዘበኛ ተሞልቷል፣ ሁሉም ግን እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ስለዚህ ቫይረሱን ያስቆመው ፒ53 ሊሆን አይችልም።

ለምን እጁን እንዳጣጠፈ የታወቀው በ2010 ነው። ኢ4-ኦርፍ3 የሚባል ሌላ ትንሽ የቫይረስ ፕሮቲን ፒ53 የሚያርፍባቸውን የዲኤንኤ ቦታዎች ጥቅጥቅ አድርጎ ይዘጋቸዋል። ፒ53 ቢመጣም የሚቀመጥበት የለም። ቫይረሱ ለአንድ ጠላት ሁለት መከላከያ ነበረው። አንዱ ብቻ ነው የተቆረጠው።

ታዲያ ቫይረሱ ጤነኛ ሴል ውስጥ የት ቆመ? ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የቆመው ዘግይተው የሚነሱት ጂኖች ጋ ነው። መልእክተኛ አርኤንኤያቸው ከኒውክለስ መውጣት አቃተው። የቅርፊቱ ፕሮቲን የሚሠራው ውጭ ነው፤ መመሪያው ግን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ቁልፉን ይዞ የነበረው ማን ነው? ራሱ ኢ1ቢ-55ኬ። ይህ ፕሮቲን ፒ53ን ከማጥፋት ሌላ የቫይረሱን ዘግይተው የሚነሱ አርኤንኤዎች ወደ ውጭ የማሳለፍ ሥራ ነበረው። ይህ ሥራው ለዘርፉ ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነበር። 827ቱ ፊደላት ሲቆረጡ ሁለቱም ሥራ አብሮ ሄደ። እንዲያውም ሦስተኛም አለው። የሴሉ የዲኤንኤ ጥገና ቡድን የቫይረሱን ጫፎች የተሰበረ ክሮሞዞም መስለውት እርስ በርስ ይቀጥላቸዋል። ያንን ቡድን ከሚያስወግዱት አንዱ ይኸው ኢ1ቢ-55ኬ ነው። ለዚህ ግን ኢ4-ኦርፍ3 ተተኪ ስለሚሆን ጉድለቱ አልታየም።

አስገራሚው ደግሞ ካንሰር ሴሎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ያለ ኢ1ቢ-55ኬ እርዳታ የቫይረሱን አርኤንኤ ራሳቸው ወደ ውጭ ያወጡለታል። ጤነኛው ይህን አያደርግም። ምርጫው ያለው እዚህ ነው፤ ዲኤንኤ መቅዳቱ ላይ ሳይሆን ከተቀዳ በኋላ በሩ ላይ። እምቢ ያሉት ካንሰር ሴሎችም ፒ53 ኖራቸው አልኖራቸው፣ በሩን መክፈት የማይችሉት ሆነው ተገኙ።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው፦ ቫይረሱ ሰው ላይ በአብዛኛው ያለ ከባድ ጉዳት ተሰጠ። በብዛት የታየው የጉንፋን ዓይነት ስሜትና ትኩሳት ነው። ከኬሞ ጋር ሲጣመር ዕጢ ቀነሰ።

ያልሠራው ይበዛል። ከተወጋበት ዕጢ ርቆ መሄድ አልቻለም። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ አዴኖቫይረስ ስለያዘው ደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል አለው፤ በደም ሥር የተሰጠ ቫይረስ ብዙም ሳይጓዝ ይያዛል፣ ጉበትም ይጠርገዋል። ዕጢ ውስጥ ካንሰር ሴል ብቻ አይደለም ያለው፤ መሀል መሀል ያለው ጅማታማ ግድግዳ ቫይረሱን ከአንድ ሴል ወደ ሌላ አያሳልፈውም። አንዳንድ ካንሰር ሴሎች ቫይረሱ የሚገባበትን የበር እጀታ፣ ተቀባይ ፕሮቲኑን፣ ጥለውታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ተዳክሟል። ኢ1ቢ-55ኬ ሲወጣ ካንሰር ሴል ውስጥም ቢሆን ጉልበቱ ቀንሷል።

ትልቁ የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ በ2000 ተጀምሮ ነበር፤ ዳር ሳይደርስ ቀረ። በ2003 ኩባንያው ቫይረሱን ትቶ ፊቱን ወደ ኪኒን መድኃኒት አዞረ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ቻይና ውስጥ ከእሱ ጋር በጣም የሚመሳሰል ኤች101 የሚባል አዴኖቫይረስ በ2005 ለጭንቅላትና አንገት ካንሰር ከኬሞ ጋር ተፈቀደ። በሙከራው ኬሞና ቫይረስ ካገኙት 78.8 በመቶ፣ ኬሞ ብቻ ካገኙት 39.6 በመቶ ዕጢያቸው ቀንሷል። ይህ የዕጢ መጠን ነው የሚለካው፤ ታማሚው ምን ያህል ዕድሜ ጨመረ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

መጀመሪያ የምወስደው የደረጃ ነገር ነው። "ቫይረሱ ካንሰር ውስጥ ይባዛል፣ ጤነኛ ውስጥ አይባዛም" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብ አሁን የምጠይቀው "የት ላይ ቆመ?" ብዬ ነው። መግባቱ ነው? መቆስቆሱ ነው? ቅጂው ነው? የአርኤንኤው መውጣት ነው? የፈነዳ ሴል መቁጠር የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚነግረን። ዲኤንኤውን፣ አርኤንኤውን ከኒውክለስ ውስጥና ውጭ፣ ፕሮቲኑን ለየብቻ መለካት አድካሚ ነው፤ ግን ስምንት ዓመት ከመጓዝ ይሻላል።

ሁለተኛው መቁረጥን ይመለከታል። የቫይረስ ጂኖም ጠባብ ስለሆነ አንድ ፕሮቲን ሁለት ሦስት ሥራ ደርቦ ይይዛል። ጂኑን በጅምላ ካወጣን የትኛው ሥራ መጉደሉ ውጤቱን እንዳመጣ አይለይም። ቀጣዩ ትውልድ ይህን ተምሯል። በ2000 አካባቢ የወጡት አዴኖቫይረሶች ከኢ1ኤ ላይ አርቢን የሚጨብጠውን 24 ፊደል ብቻ ነው የተቆረጡት። ቫይረሱ የተዳፈነ እሳት መቆስቆስ አይችልም፤ ሌላው ጉልበቱ ግን አልተነካም። የአርቢ መንገዱ በተበላሸ ካንሰር ውስጥ ከኦኒክስ-015 የበለጠ የሚበረታው ለዚህ ነው።

ሄርፒስን ማነጻጸር ይጠቅማል። ሄርፒስ ከአዴኖቫይረስ በተለየ ሽንኩርቱንም የሚያዘጋጅበትን ቢላ ይዞ ነው የሚመጣው። ኑክሊዮታይድ የሚያሰናዱ የራሱ ኢንዛይሞች አሉት፤ ስለዚህ ተዳፍኖ ባደረ የነርቭ ሴል ውስጥም መባዛት ይችላል። በ1991 ከእነዚህ አንዱ፣ ቲሚዲን ካይኔዝ፣ ተቆርጦ በአንጎል ዕጢ ላይ ተሞከረ። አሜሪካ በ2015 ለሜላኖማ፣ ለአደገኛ የቆዳ ካንሰር፣ የፈቀደችው የሄርፒስ ቫይረስ ግን ዋናው ለውጡ ሌላ ቦታ ነው። ተቆርጦ የወጣበት ጂን ሴሉ ፕሮቲን ማምረቻውን ሲዘጋበት የሚያስከፍትለት ነው። አሁንም መቆሚያው ከቅጂው ውጭ ነው።

ሦስተኛው ማነጻጸሪያው ነው። "ጤነኛ" ብለን የያዝነው ሴል በእርግጥ ጤነኛ ነው? ፍሪዘር ውስጥ ያለው፣ ለማሳደግ የሚቀለው፣ ብዙ ጊዜ ካንሰር ነው። ከሰው የተወሰደ ጤነኛ ሴል ውድ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሞታል። የ2004ቱን ሥራ የለየው እሱን መታገሡ ነው።

ስለ ትኩሳት

አንድ ነገር ቀርቷል። በ2005 ያው ቡድን ወደ እምቢተኞቹ ካንሰር ሴሎች ተመለሰ። አርኤንኤው በሩ ላይ የሚቆምባቸው እነዚያ ናቸው። ሴሎቹን ለጥቂት ጊዜ አሞቃቸው። ሴል ሲሞቅ የሚያነሳው የአደጋ ጊዜ ምላሽ አለ፤ በዚያን ጊዜ አርኤንኤ ከኒውክለስ የሚወጣበት መንገድም ይለወጣል። ሙቀቱ የኢ1ቢ-55ኬን ቦታ ተካ። በሩ ተከፈተ፣ የቫይረሱ አርኤንኤ ወጣ፣ እምቢ ያሉት ሴሎች ፈነዱ።

ቫይረሱ በተወጋባቸው ታካሚዎች ላይ በብዛት የታየው ትኩሳት እንደነበር ጽፌያለሁ። የካንሰር ታካሚ ሲያተኩስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትኩሳት ማስታገሻ ይሰጠዋል።